ዋቅቶላ ከብስክሌት የወረደ ዕለት

ጉለሌ ውስጥ ምስጢር ከወፍጮ ቤት ሰልፍ አልፎ አያውቅም። እህል ተሸክሞ የሄደ ሁሉ የሰው ጉዳይም አስፈጭቶ ነው የሚመለሰው። በደርግ ጊዜማ ባሰ። ስለ መንግሥት ማውራት አንገት ስለሚያሳጣ፣ ሰዉ ያለ የሌለ ወሬውን ጎረቤቱ ላይ ያራግፍ ጀመር። ከጎረቤትም ዋቅቶላ ጉታ ላይ፤ ከዋቅቶላም ብስክሌቱ ላይ።

ብስክሌቷ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ከሚሸጥ ጣሊያናዊ የተገዛች ናት። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ጣሊያንነቷ መሪዋ ላይ ብቻ ቀርቶ፣ ጎማዋም ፔዳሏም ሰንሰለቷም የምናለሽ ተራ ነበር። ዋቅቶላ በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ እየያዘባት ከተማውን ያካልላል። ይህ አላስወራውም። ያስወራው ከሥራ ሲመለስ የሚያሳየው ትርኢት ነው።

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚያወጣውን ዳገት ጎረምሳ እንኳ ብስክሌቱን እየገፋ ነው የሚወጣው። ዋቅቶላ ግን ሃምሳ ሁለት ዓመቱን ተሸክሞ አይወርድም። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር እንደ እባብ እየተጥመለመለ፣ ከኮርቻው ተነሥቶ በቁሙ እየረገጠ፣ የአንገቱ ሥር እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ይወጣል። ጭነት ያለባት አህያ ትቀድመዋለች። ዳገቱ ጫፍ ላይ ሽንኩርትና ድንች ደርድራ የምትቸረችረው ጎረቤቱ ወይዘሮ መሰለች፣ ገበያዋን ትታ እሱን ትጠብቃለች።

"አንተ ዋቅቶላ! አህያዋ እኮ 'እንዴት ዋልክ' ብላህ አለፈች!"

"እግዚአብሔር ይመስገን በያት" ይላል እያለከለከ።

"ምናለ ብትወርድ? እግር አልተፈጠረልህም?"

"ዛሬ አልወርድም!"

"ነገስ?"

"ነገም!"

የማይወርድበት ምክንያት ልጁ ነው።

ዋቅቶላ በልጅነቱ ከወለጋ ወንጌሉን በብብቱ ይዞ የመጣ ሰው ነው። ሚስቱ የሺሀረግ ደግሞ የቁስቋም ማርያም ደጅ ላይ ያደገች፣ ረቡዕና ዓርብን ከስሟ በፊት የለየች። ሁለቱ እንዴት እንደተጋቡ ሰፈሩ እስከ ዛሬ አልተስማማበትም። አንድ ልጃቸው ጌቱ በሁለቱ መካከል ሲወዛወዝ አድጎ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ወደ አባቱ አደላ። አባቱ ደስ አለው፤ እናቱ አንድ ሳምንት እህል አልቀመሰችም፤ ከዚያ ኑሮ ቀጠለ።

ኅዳር 1971 የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ዋቅቶላ ያን ዕለት ጉንፋን ያዘው። በየስብሰባው ጉንፋን እንደሚይዘው ወይዘሮ መሰለች ቆጥራለች። ጌቱ ግን ሄደ። መፈክር ሲባል አዳራሹ ሙሉ ግራ እጁን አነሣ፤ ጌቱ እጁን ኪሱ ከተተ።

"እጅህን አንሣ!" አለው ሊቀመንበሩ።

"ለጸሎት አነሣለሁ። ለዚህ አላነሣም።"

"አሞሃል?"

"ደኅና ነኝ ጓድ።"

ጓድ ማለቱም አላዳነው። መጀመሪያ ቀበሌ አሰሩት፤ ቀጥሎ ታች ከተማ ወዳለው ትልቁ እስር ቤት ወሰዱት። ክሱም ፍርዱም አንድ ነበር፦ አንዲት መፈክር ተናገርና ቤትህ ግባ። አልናገርም አለ።

ዋቅቶላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ አድርሶ የተመለሰ ዕለት፣ ዳገቱ መሐል ላይ ጉልበቱ ከዳው። አንድ እግሩን ወደ መሬት ሊሰድ ሲል አንድ ነገር ታየው። ያ ልጅም ይህን ጊዜ "በቃ፣ አንዲት ቃል ተናግሬ ልውጣ" ይል ይሆናል። እግሩን ወደ ፔዳሉ መለሰ። ቤቱ ሲደርስ ላብ በላብ ሆኖ ለሚስቱ ነገራት፦ "እሱ እስካልወረደ እኔም አልወርድም።"

"ስለት ገባህ በለኛ!" አለች የሺሀረግ። "እናንተ ስለት ታወግዙ የለም?"

"ስለት አይደለም። ቃል ኪዳን ነው።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"ስለት... እ... ስለት ለታቦት ነው።"

"ይሄስ ለጎማ ነው?"

ቤተ ክርስቲያናቸው ስለታሸገ ዋቅቶላና የእምነት ወንድሞቹ የሚጸልዩት በሽማግሌያቸው በባጫ ቤት ተሸሽገው ነበር። አብዮት ጠባቂ ቢመጣ ልደት ነው እንዲባል ጠረጴዛው ላይ ዳቦና ለስላሳ ይቀመጣል። በዓመት ሃያ ጊዜ የሚወለድ ሰው በዓለም ላይ ባጫ ብቻ ነው። እዚያ ዋቅቶላ ተነሥቶ ይመሰክራል፦ "ወንድሞች፣ እምነት እንደ ብስክሌት ነው። አቁሜ ልቀመጥበት ብትሉ ይጥላችኋል። የሚያቆመን መርገጣችን ነው።" ባጫ ዓይኑን ጨፍኖ "አሜን፣ አሜን" ይላል። የጌቱ ስም በየጸሎቱ ይነሣል፤ ታናናሾቹ "እንደ ጌቱ አጽናን" ይላሉ። ዋቅቶላ ያን ሲሰማ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ይጠበዋል።

ደብዳቤ ወደ እስር ቤቱ አይገባም። ጠባቂው እንጀራውን ሳይቀር በሽቦ እየወጋ ይፈትሻል። የሚገባው ምግብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ምግቡ ደብዳቤ ሆነ። ሁለት ባለ ሁለት ፎቅ ምሳ ዕቃ ነበራቸው፤ ታች ወጥ፣ ላይ እንጀራ። ዋቅቶላ ጠዋት ሙሉውን ሰጥቶ የትናንቱን ባዶ ይቀበላል። ሙሉውን ይዞ ቁልቁል፣ ባዶውን ይዞ ሽቅብ። ባዶው ነበር የሚከብደው።

የመጀመሪያው ሁዳዴ ሲገባ ባልና ሚስት ተጋጠሙ።

"እንቁላል ይሂድለት" አለ ዋቅቶላ።

"በሁዳዴ? በዚች እጄ?"

"እሱ አይጾምም። ሽሮ ብንልክለት 'አባቴም ተስፋ ቆረጠ' ይላል።"

የሺሀረግ ፊቷን አዙራ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና፣ እንቁላሉን በቅቤ ጠበሰችው። ጾመኛ ስለሆነች መቅመስ አትችልም፤ ጨው የምትጨምረው በግምት ነው። አንድ ቀን ባሕር፣ አንድ ቀን ውኃ። ሽታው ደግሞ አጥር ዘለለ።

"የሺሀረግ" አለች ወይዘሮ መሰለች በአጥሩ በኩል፣ "ከናንተ ቤት ቅቤ ቅቤ ይሸታል ልበል?"

"የብስክሌቱ ግራሶ ነው።"

"አሃ። በሽንኩርት ነው እንዴ የሚቀባው?"

ምሳ ዕቃው ግን ሁለት ወር ሙሉ ተጠርጎ ተመለሰ። ዋቅቶላ ክዳኑን ከፍቶ ለሚስቱ ያሳያታል፦ "አየሽ? እየረገጠ ነው።" እሷም ታየዋለች፤ ልጇ መብላቱ ደስ እያላት፣ የሚበላው ግን እየቆረቆራት።

ዓመት ዞረ። የካቲት 1972 ሁለተኛው ሁዳዴ ገባ። ሰኞ እንቁላል ሄደ። ማክሰኞ ጠዋት ዋቅቶላ የሰኞውን ምሳ ዕቃ ሲቀበል እጁ ላይ ከበደው። መንገድ ዳር ቆሞ ከፈተው። እንጀራው ተበልቷል። እንቁላሉ እንደሄደ ተመልሷል፤ ቅቤው ረግቶ፣ አንድም ጣት ሳይነካው።

ታሞ ይሆናል አለ። ታማሚ ግን ደረቅ እንጀራ አሟጦ አይበላም። ለሚስቱ ሳያሳይ ደፍቶ አጠበው። ረቡዕም እንደዚያው። ሐሙስም እንደዚያው።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ዋቅቶላ ዳገቱ ሥር ደረሰ። እንደ ልማዱ ተንደርድሮ ገባበት። የተወሰነ ሄደና እግሩ ቆመ። ጉልበቱ አልነበረም ያቆመው። ወረደ። መሪዋን በአንድ እጁ ይዞ፣ ሌላውን ኮርቻው ላይ አሳርፎ፣ እንደ ማንም ሰው እየገፋ ወጣ። ወይዘሮ መሰለች ከሩቅ አየችው። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ዘጋችውና ሽንኩርቷን ታስተካክል ጀመር። ለወፍጮ ቤቱ ግን በማግስቱ አደረሰች፦ "ዋቅቶላ ወረደ።"

የሺሀረግ ምሳ ዕቃውን ከፍታ ባየች ጊዜ ያሰማችው እልልታ እንጦጦ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

"ልጄ ጾመ! እመቤቴ፣ ልጄን መለሽልኝ!"

"ዝም በይ።"

"አልልም! ሁለት ዓመት ዝም ብያለሁ!"

በማግስቱ ሽሮ ላከች። በጣት ተጠርጎ ተመለሰ። ምስር ላከች፤ ተጠርጎ ተመለሰ። ከዚህ ወዲያ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። እሷ ቁስቋም ወጥታ ተሳለች። "የጾመ ልጅ ቀስ ብሎ መፈክርም ይላል፤ ለመስከረም ምሕረት ይፈቱታል" ትላለች። እሱ ብስክሌቷን ግድግዳ ላይ ሰቀላት፤ የመሥሪያ ቤቱንም ደብዳቤ በአውቶቡስ ያደርስ ጀመር። ባጫ መጥቶ እጁን ትከሻው ላይ አሳርፎ፣ "ከእንግዲህ ስለ ጌቱ መጽናት ሳይሆን ስለ መመለሱ ነው የምንጸልየው" ቢለው፣ ዋቅቶላ የባጫን እጅ ከትከሻው አወረደ።

"አንድ ልጅ ነበረኝ" አለ፤ "ሽሮ በላብኝ።"

እንዲህ ብሎ ሁለት ሳምንት አኮረፈ። ምሳውን የሺሀረግ በእግሯ ታደርስ ጀመር። አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ፣ በጨው ውኃ የተሞላ ሳፋ ውስጥ እግሯን ነክራ አገኛት። ተረከዟ ተሰነጣጥቆ ውኃው ቀልቷል።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

ቀና ብላ አየችው። "አንተ ልጅህን በብስክሌት ነበር የምትወደው። እኔ በእግሬም እወደዋለሁ።"

ዋቅቶላ ሄደና ብስክሌቷን ከግድግዳ አወረዳት፤ ጎማዋን ነፋ። ልቡ ውስጥ የተከራየ የመሰለው ቁጣ በዚያች ደቂቃ ዕቃውን ጠቅልሎ ወጣ። ይጹም፣ አለ። ይስገድ፤ ታቦት ይሳም፤ መፈክርም ይበል። ብቻ ይኑርልኝ።

ከዚያ ወዲያ ለሰፈሩ አዲስ መዝናኛ ሆነ። ያ ወንጌል በብብቱ የመጣ ሰው ጠዋት ጠዋት ሚስቱን "ዛሬ ጾም ነው?" እያለ መጠየቅ ጀመረ። የፋሲካን ዶሮ ራሱ መርጦ ገዛ፤ አጥንቱ ተግጦ ሲመለስ አጥንቱን እያየ ሳቀ። ፍልሰታን ከእሷ በፊት አስታወሰ። ዳገቱንም እየገፋ ይወጣ ነበር። ወይዘሮ መሰለች "አሁን ሰው ሆንክ" ስትለው፣ "ሆንኩ እኮ" ይላት ነበር።

መስከረም 2 በሬዲዮ ምሕረት ታወጀ። የሺሀረግ የጌቱን አንሶላ አጠበች። ሸሚዙን ተኮሰች፤ ከሳ ይሆናል ብላ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳች። መስከረም 4 ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ።

በሩ ላይ የቆመው ጌቱ አልነበረም። ራሱ የተላጨ፣ ኮቱ ትከሻው ላይ የተሰቀለ የሚመስል፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። በእጁ የእነሱን ምሳ ዕቃ ይዟል፤ ታጥቦ ያብረቀርቃል።

"የጌቱ እናት እርስዎ ነዎት? ስብሐት እባላለሁ፤ ዲያቆን ነኝ። ከጌቱ ጋር አንድ ክፍል ነበርን።"

የሺሀረግ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከትከሻው በላይ መንገዱን ታያለች። "ግባ ልጄ፣ ግባ! እሱስ? ከኋላ ነው?"

ስብሐት ጥያቄውን የሰማ አልመሰለም፤ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የዋቅቶላን ጉልበት ይዞ ነበር።

"ከእስር ቤት ወጥቼ መጀመሪያ የረገጥኩት የናንተን ደጅ ነው። አገሬ ሩቅ ነው፤ አንድም ሰው አልነበረኝም። የልጃችሁ ሐዘን ሳይወጣላችሁ፣ አስከሬኑን እንኳ ሳታገኙ፣ ለማታውቁኝ ለእኔ ስምንት ወር ሙሉ ምሳ..."

"የማን ሐዘን?" አለች የሺሀረግ።

ስብሐት ቀና አለ። አንዱን አየ፤ ሌላዋን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ወደ ታች ሲወርድ ይታይ ነበር።

"አ... አታውቁም እንዴ?"

ጌቱ የሞተው በጥር፣ ከጥምቀት ማግስት ነው። ተስቦ ክፍሉን መትቶት ነበር። አስከሬኑን ስብሐትና ሌሎች እስረኞች በብርድ ልብስ ይዘው እስከ በር አወጡት፤ መኪና ወሰደው። ስሙን ከመዝገብ የሰረዘው ግን አልነበረም። በማግስቱ ምሳው መጣ።

"ረሃብ ነው አባባ" አለ ስብሐት። "ሌላ ቃል የለኝም። ጠባቂው ስሙን ሲጠራ እኔ 'አቤት' አልኩ። አንድ ቀን ብቻ ብዬ ነበር። ከዚያ ሁዳዴ ገባ። እንቁላሉን ለሌላ ሰጥቼ ባዶውን መመለስ እችል ነበር፤ ግን በጾም እንዴት ልዋሽ? እንቁላሉን እንዳለ ብመልሰው ይገባቸዋል፣ ሰው መሞቱን ያውቃሉ አልኩ። ሳምንቱ ሳይወጣ ሽሮ መጣ።" ድምፁ ተሰበረ። "ገባቸው አልኩ። ልጃቸው መሞቱን አውቀው፣ ምሳውን የሚበላው ጾመኛ መሆኑን አውቀው፣ እኔን ማሩኝ አልኩ። ያን ሽሮ ቀና ብዬ በላሁት።"

ግድግዳው ላይ የተተኮሰው ሸሚዝ ተሰቅሏል።

ዋቅቶላ ሸሚዙን እያየ ጠየቀ። "ተናገረ? መፈክሩን?"

"አልተናገረም።"

"እስከ መጨረሻው?"

ስብሐት ይህ እንኳ ያጽናናዋል ብሎ ሳይደብቅ ነገረው። "ትኩሳቱ በጠናበት ቀን ኃላፊው መጣ። 'አንዲት ቃል በልና ሆስፒታል እንውሰድህ' አለው። እኛም ለመንነው፤ 'በላት፣ እግዚአብሔር ያውቃል' አልነው። ፈገግ አለ። ከናንተ ሰፈር የመጣ አንድ እስረኛ ስለ እርስዎና ስለ ዳገቱ አውርቶለት ነበር፤ የጉለሌ ወሬ መቼም በሽቦ አይያዝም። 'አባቴ ዛሬም አልወረደም' አለ። 'እኔ እንዴት ቀድሜ ልውረድ?' አለ። ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራም።"

ዋቅቶላ ይህን ዜና ከዓመት በላይ ሲለምነው ኖሯል። ልጁ ጸንቷል። በየዳገቱ፣ በየጸሎቱ የጠየቀው ተሰጥቶታል። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይወዛወዝ ጀመር።

"ምነው ያኔ በወረድኩ" አለ። "ምነው አንድ ቀን በወረድኩ። ምነው መሰለች አይታኝ ባወራችው።"

የሺሀረግ ባሏን አየችው። ልትለው የምትችለው ነገር ነበረ፤ ፊቷ ላይ መጥቶ ሄደ። አላለችውም። ወደ ስብሐት ዞረች።

"ሽሮው" አለች፣ "ጨው አልበዛበትም ነበር?"

"አልበዛበትም እናቴ።"

"እሱን እቀምሰው ነበር" አለችና ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። ድንኳን አልተተከለም፤ ቀበሌው አያስተክልም። ወይዘሮ መሰለች ንፍሮ ይዛ መጥታ፣ ያለ አንድ ቃል ጥግ ላይ ተቀምጣ ዋለች፤ ይህ በጉለሌ ታሪክ ተሰምቶ አይታወቅም። ባጫም መጣ።

"ወንድሜ፣ ተሳስቼ ነበር። ልጅህ አክሊሉን ተቀብሏል። እሑድ ተነሥተህ ያን የብስክሌቱን ምስክርነት..."

"ባጫ" አለ ዋቅቶላ በቀስታ፣ "ያን ነገር ሁለተኛ አታንሣብኝ።"

በአራተኛው ቀን ጠዋት የሺሀረግ ያበጠ ዓይኗን እየጠረገች ጓዳ ገባች። ስብሐት ሲሄድ አንድ ነገር ነግሯቸው ነበር፦ እዚያ ክፍል አማን የሚባል ልጅ ቀርቷል፤ ጠያቂ የለውም፤ የጌቱ ምሳ ቢመጣ የሚወስደው እሱ ነው። ለቅሶ ላይ ሳሉ ግን ሦስት ቀን ምንም አልሄደለትም።

"ምን ልሥራ?" አለች ከጓዳ።

ዋቅቶላ ጫማውን እያሰረ ነበር። "እስላም ነው ብሏል። የኛን ሥጋ አይበላም።"

"እንቁላልስ?"

"እንቁላል ይበላል መሰለኝ... ምስር አድርጊለት። ምስር ይሻላል።"

ምስር አደረገች። በማንኪያ ጫፍ ቀመሰችው፤ ጨው ጨመረች። እሱ ምሳ ዕቃውን ከኮርቻው ኋላ አስሮ ቁልቁል ወረደ።

የእስር ቤቱ ሰልፍ እንደ ወትሮው ረጅም ነበር። ተራው ሲደርስ ጠባቂው ዓይኑን ከመዝገቡ ሳያነሣ "ለማን ነው?" አለው።

ዋቅቶላ አፉን ከፈተ። ያን ስም እዚህ በር ላይ ስንት መቶ ጠዋት ጠርቶታል። ዛሬ ምላሱ ላይ ተቀምጦ አልነሣ አለ። ከኋላው ያለችው ሴት በክርኗ ነካ አደረገችው።

"አባባ፣ ይናገሩ እንጂ። ምሳው ይቀዘቅዛል።"

"ጌቱ" አለ። "ጌቱ ዋቅቶላ።"

ጠባቂው ጣቱን በስሞቹ ላይ እየጎተተ ወረደ፤ አንድ ቦታ ላይ አቆመ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ምሳ ዕቃውን ተቀበለው።